ጥላችን ሳስቷል

እሑድ ማታ ነው። የእህቴ ልጅ የሳሎኑን ጠረጴዛ ይዞ የአማርኛ የቤት ሥራውን ይሠራል። እኔ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ለአለቃዬ የማቀርበውን የማስታወቂያ ሐሳብ አስተካክላለሁ። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ እናቱን ሥራዋ ከከተማ ከተማ ስለሚያዞራት እኔ ጋ ሆኖ ይማራል። የቤት ሥራው ሁላችሁም የምታስታውሱት ዓይነት ነው፦ «ለሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች የዘይቤያቸውን ዓይነት ጻፉ።» አሥር ጥያቄ። እሱ ደግሞ አቋራጭ አግኝቷል። «እንደ» ወይም «ይመስላል» ካለበት ተነጻጻሪ፣ ነፋስና ተራራ ካወሩ ሰውኛ፣ በዓለም ላይ የማይሆን ነገር ከሆነ ግነት፣ የቀረው ሁሉ ተለዋጭ። በአምስት ደቂቃ ጨረሰ። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠና፣

«አክስቴ፣ ግን የእውነት እንዲህ የሚያወራ ሰው አለ?» አለኝ።

ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። እንዲህ የምታወራ ሴት አውቃለሁ። እናቴ ናት። አንድ ቀን የነገረችኝን ነገር መስማት ስላልቻልኩ፣ አባቴ ዛሬ በአንድ እግሩ ላይ አራት ጣት ነው ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድኩት ሸዋ ሮቢት ነው፤ እናትና አባቴ አሁንም እዚያው ይኖራሉ። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ እንደ ወትሮው ደወልኩ።

«ደህና ናችሁ እማዬ?»

«ደህና ነን፤ ተመስገን። ጥላችን ብቻ ሳስቷል።»

«እንዴት ሳሳ?»

«እንጃ ልጄ፣ ይረግፋል። ከሥሩ ነው መሰለኝ።»

ዓይኔ ላይ የመጣው ግቢያችን መካከል ያለው ኒም ነው። የሸዋ ሮቢትን የበጋ ፀሐይ የምታውቁ፣ ግቢ ውስጥ ያለ ዛፍ ቅጠሉ ሲረግፍ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋችሁም። «አይዞሽ፣ እኔ መላ እፈልጋለሁ» አልኳትና በማግሥቱ ሸራ ተገዝቶ ግቢው ውስጥ እንዲወጠር ገንዘብ ላክሁ። እናቴ አመሰገነችኝ፣ መረቀችኝ፣ ስልኩን ዘጋች። እኔም ጎበዝ ልጅ እንደሆንኩ ተሰምቶኝ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የአጎቴ ልጅ ሽንኩርት ይዞ አዲስ አበባ መጣና ቢሮዬ ጎራ አለ። ገና ሻይ ሳይቀርብለት፣ «ለመሆኑ አባባን መቼ ነው የምታመጪው?» አለኝ። አባቴ ስኳር እንዳለበት አውቃለሁ። እግሩ ሥር የወጣች ቁስል አልሽር ብላ ቤት ከዋለ ወር እንዳለፈው ግን አላውቅም ነበር። «ከሥሩ ነው መሰለኝ» ያለችኝ ለካ እሱን ነው። አመጣነው። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ፣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ...» አለና ቀሪውን ዋጠው።

እናቴን፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩባት።

«ነገርኩሽ እኮ» አለችኝ።

ልክ ናት። ነግራኛለች።

እኔ እንግዲህ በማርኬቲንግ ባለሙያነት እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። («እንጀራዬን የምበላ» ያልኩትም ዘይቤ ነው፤ ደሞዜን እንጀራ ብዬ ጠራሁት እንጂ ቢሮ ውስጥ ምጣድ የለም።) ቢልቦርድ ላይ አንድን ሳሙና «የእናት እጅ»፣ አንድን የቁጠባ ሒሳብ «የነገ ጎተራ» ብዬ እጽፋለሁ። በተለዋጭ ዘይቤ ይከፈለኛል ማለት ይቻላል። በገንዘብ የተጻፈውን አውቃለሁ፤ በነጻ የተነገረኝን አልሰማሁም። የእህቴ ልጅ ጥያቄ የነካው ይህን ነው።

ለምን «ጥላ» አለችው? ይህን ለመረዳት መንገዱን መውረድ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ስትወጡ ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ይበላል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ጉሙ አንዳንዴ ከፊት ያለውን መኪና ይሰውራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁለቱን ትያያዙታላችሁ፤ ደብረ ሲና፣ አርማንያ፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት። 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ 1,300 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። ጣርማ በር ላይ አጥብቃችሁ የለበሳችሁት ጃኬት እዚህ ሲደርስ የማንም አይደለም፤ አውቶቡስ ውስጥ ተረስቶ የሚቀረውም ለዚህ ይመስለኛል።

የይፋት ቆላ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ዓለምን ጥላ ያለበትና ጥላ የሌለበት ብሎ ነው የሚከፍለው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚባለው «ወደ ጥላው ግባ» ነው። ሽማግሌዎች የሚያስታርቁት ከዛፍ ሥር ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁን ሲመርቅ «ለብዙ ሰው ጥላ ሁን» ይላል። እንግዲህ አንዲት የሸዋ ሮቢት ሴት አርባ ዓመት አብሯት የኖረውን ባሏን «ጥላችን» ብትለው ምን ይገርማል? ደገኛ ብትሆን ምናልባት «ምድጃችን ቀዘቀዘ» ትለኝ ነበር።

ዘይቤ የአየር ንብረት አለው የሚል ነገር መማሪያ መጽሐፍ ላይ አላየሁም፤ እኔ ግን በሥራዬ ደርሶብኛል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ቆላ ውስጥ ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ማስታወቂያ እንድጽፍ ታዘዝኩ። «ሞቅ ያለ አቀባበል ይጠብቅዎታል» ብዬ ላክሁ። ባለቤቱ ደውለው እየሳቁ፣ «እህቴ፣ ሙቀቱስ ሞልቶናል፤ ሌላ ነገር ጻፊልን» አሉኝ። ለካ ዐረፍተ ነገሩን የወሰድኩት ከእንግሊዝኛ ነው፤ በረዶ የሚወርድበት አገር ሰው እንግዳውን በሙቀት ቢቀበል እውነቱን ነው። እኛም «ሠርጉ ሞቀ» እንላለን፤ እሱ ግን ድምቀትን ነው። ስናዝን «አንጀቴ አረረ»፣ «ሆዴ ተቃጠለ» እንላለን። ደስ ሲለን ደግሞ አንጀታችን ይርሳል፤ ቅቤ ይጠጣል። የሚያስደስት ነገር ሁሉ «አንጀት አርስ» ነው። ሐዘናችን እሳት፣ ደስታችን ውሃ የሆነው እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ለማረፊያው «ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ» ብዬ ጻፍኩላቸው፤ ወደዱት።

ወደ ቤት ሥራው ልመለስ። ልጁ በቃሉ የያዛቸውን ስሞች አንድ በአንድ ከአያቱ አፍ ላገኝለት ሞከርኩ። ብዙም አልደከምኩም። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ማሳ ሲወስድ «ሮቢ ቂመኛ ነው፤ ዘንድሮም አልረሳንም» ትላለች፤ ሰውኛ። በግንቦት «ድንጋዩ ላይ እንቁላል ብትሰብር ይጠበሳል» ትላለች፤ ግነት (ምንም እንኳ ግንቦት ላይ ይህን ያህልም የተጋነነ ባይሆን)። እኩለ ቀን ላይ ከእንቅልፌ ስነሣ «ምነው በጨለማ ተነሣሽ?» ትለኝ ነበር፤ ምፀት። ማለዳ ብቻዋን ጀበናውን እያየች «አንቺ ባትኖሪ እኔ ምን ይውጠኝ ነበር?» ትለዋለች። ይህ የመጨረሻው፣ የማይሰማን ነገር ወይም አጠገብ የሌለን ሰው ማናገር፣ እንቶኔ ዘይቤ ይባላል። ልጁ እዚህ ላይ በሣቅ ፈነዳ፤ ለእሱ «እንቶኔ» ማለት ስሙን የረሳው የክፍሉ ልጅ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የተማሪን ልብ ግን አላሰበም።

ከሁሉ ግን የሚከብደው ሰምና ወርቅ ነው። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ መጀመሪያ በሰም ይሠራዋል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያወጣና በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ያፈስሳል። ወርቁ የሰሙን መልክ ይዞ ይወጣል። የዋድላ፣ የጎንጅና የዋሸራ የቅኔ ቤቶች ይህን ጥበብ በግዕዝ አራቅቀው አስተማሩት፤ ከዚያ ወርዶ የጠጅ ቤቱም የቡና ቤቱም ሆነ። አንድ ቃል ሁለት ልብ ይዞ ሲገኝ ኅብረ ቃል ይባላል። አጎቴ ለምሳሌ ማሾ ያመርታል። ማሾ በቀወት ቆላ ለገበሬው ጥሩ ገንዘብ የሚያስገኝ፣ በኢትዮጵያ ምርት ገበያም የሚገበያዩበት አረንጓዴ ጥራጥሬ ነው። ማሾ ደግሞ በጋዝ የሚበራ ፋኖስም ነው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ አንድ እንግዳ፣ «በጨለማ ነው እንዴ የምታመሹት?» ቢለው፣ አጎቴ «የእኛን ቤት የሚያበራው ማሾ ነው» አለው። እንግዳው ፋኖሱ እስኪመጣ ጠበቀ። ቤተሰቡ አፉን በነጠላ ያዘ።

ከይፋት ቆላ ገደሉን ሽቅብ ብትወጡ መንዝ ትገባላችሁ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚያ መንዝ ድረስ ሄዶ ሕዝቡን አጥንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍም «ሰምና ወርቅ» ብሎታል። አማራው በዚህ አነጋገር የሚጠቀመው ለምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ ያገኛቸው መልሶች ዛሬም አይለቁኝም። ለጨዋታና ለሣቅ፤ ጨዋነትን ሳይጥሱ ለመንካት፤ የራስን ገመና ከሰው ዓይን ለመከለል፤ በቀጥታ የማይነካን ባለሥልጣን ለመተቸት። እኔ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ስማር ስለ ደንበኛ ፍላጎት ስንት ወፍራም መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ይህን ያነበብኩት ግን ከአባቴ እግር በኋላ ነው።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ገመናን መከለል። እናቴ ያን ቀን ስልክ ስታነሣ አባቴ አጠገቧ ነበር። ለልጆቹ እንዳይነገር አደራ ብሏታል፤ ልጅ ሥራ ፈትቶ መምጣቱን አይወድም፤ ደግሞም ወንድ ነው፣ ቁስሉን ቆጥሮ አያውቅም። እሷ አደራውን መብላትም፣ እኔን መደበቅም አልቻለችም። ስለዚህ እሱ እየሰማ፣ እሱ በማይቆጣበት ቃል ነገረችኝ። አደራዋን አልበላችም፤ እኔንም አልዋሸችም። ብልሃቱ ሁሉ ግን የቆመው እኔ እገነዘባለሁ በሚል እምነት ላይ ነበር። እናቴ እኔ አሁንም የእሷን አማርኛ የምናገር መስሏታል።

ሌቪን ይህ አነጋገር ግልጽነት ከሚፈልገው ዘመናዊ ሥራ ጋር እንደሚጋጭም ጽፏል። በግማሹ እስማማለሁ። ሐኪም ፊት «ጥላችን ሳስቷል» አይባልም፤ «ቁስሉ ይህን ያህል ሳምንት ሆኖታል፣ ስኳሩ ይህን ያህል ነው» ነው የሚባለው። እናቴንም አሁን ይህን አስለምጃታለሁ። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በቋንቋው ላይ መጫን አይሆንልኝም። ሰሙ ይህን ያህል ስስ ሆኖ ሳለ ወርቁን ማየት ያልቻልኩት እኔ ነኝ።

የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ ጊዜ እችልበት የነበረ መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ከዚያ በፊትም በኋላም በነበሩት ወራት፣ ስልክ በተገኘ ቁጥር ስለ አየር ነበር የምናወራው። «አየሩ እንዴት ነው?» «ደመና አለ፤ ገና አልዘነበም።» ማንም አላስተማረንም፤ ግን ከእኛ ቤት ያልገባው አልነበረም፤ ደመናው ምን እንደሆነ፣ ዝናቡ ምን እንደሆነ። ፍርሃት ጆሮ ያቀናል መሰለኝ። ሰላም ሲሆን ጆሮዬ ተመልሶ ሰነፈ።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ቤቴ ልመለስ። ያው ቃል መንገዱ ላይ ሲሄድ ትርጉሙ ይገለበጣል። ሸዋ ሮቢት የሽንኩርት አገር ናት። አዲስ አበባ ላይ አንዲት እናት ከገበያ ገብታ «ሽንኩርት አስለቀሰን» ካለች ተወድዷል ማለት ነው። ያንኑ ዐረፍተ ነገር አጎቴ ካለ፣ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ እስኪበሰብስ ረክሷል ማለት ነው። አንድ ቀን በስልክ «ዘንድሮ ሽንኩርት አላስለቀሰንም» ሲለኝ እኔ «እኛንማ አስለቀሰን!» አልኩት። ሁለታችንም ደንግጠን ዝም አልን፤ ያው ሽንኩርት እኮ ነው። ማስታወቂያ የምትጽፉ ካላችሁ ይህችን ያዙልኝ፤ ዘይቤውን ከመጻፋችሁ በፊት አንባቢው ገዢ ይሁን ሻጭ አጣሩ።

እኛ ቤት አሁን አንድ ነገር ለምዷል። እሑድ እሑድ ለሸዋ ሮቢት ስንደውል ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ እናደርገዋለን። ልጁ ደብተሩን በሁለት ከፍሎታል፤ በግራ ሰም፣ በቀኝ ወርቅ። አያቱ ያለችውን በግራ ይጽፋል፤ ስልኩ ሲዘጋ ሁለታችን በቀኙ ላይ እንከራከራለን። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ምስጢር እየመሰለው አስቸገረኝ። «ዶሮዋ ታቅፋለች» ስትል «ማን አረገዘ?» ይለኛል። ኋላ ግን ቀደመኝ። በግንቦት አያቱ ኒሙ ሥር ተቀምጣ፣ «እናትህ መቼ ተመለሰች?» ቢላት «ጥላ ሄደች» አለችው። እኔ ፀሐይዋ ዞራ የዛፉ ጥላ ከላይዋ መሄዱን ነው የሰማሁት። እሱ ግን እርሳሱን ይዞ ትንሽ አሰበና ቀኙ ላይ፣ «እማዬ ቶሎ ጥላት ስለሄደች ከፍቷታል» ብሎ ጻፈ። ለእህቴ ደወልኩላት። ለአንድ ቀን ብቻ ጎራ ብላ፣ ቡና እንኳ ሳትጠጣ ተመልሳለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሄዳ አራት ቀን አደረች።

ለቤት ሥራው ከራሳችሁ አንድ ምሳሌ ጨምሩ ተብለው ኖሮ፣ ልጁ «ጥላችን ሳስቷል» ብሎ ጽፎ «ተለዋጭ ዘይቤ» አለው። መምህሩ አጠገቡ በቀይ «ጥሩ፤ ግን ጥላው ማን ነው?» ብለው መልሰውለታል። ገጹን ለአያቱ በስልክ አነበበላት፤ ሣቋን እስከ ወጥ ቤት ሰማሁት።

ባለፈው እሑድም ደወልን። «ጥላው እንዴት ነው እማማ?» አላት ልጁ፤ አሁን ሁልጊዜ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

«ጥላው ደህና ነው፤ በዱላም ቢሆን ገበያ ደርሶ መጣ። ዛፉን ግን ምስጥ በላው።»

ልጁ እርሳሱን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ እኔን አየኝ። «የትኛውን ዛፍ እማማ?»

«ኒሙን ነዋ! ሌላ ምን ዛፍ አለን? ቅጠል የሚባል አልቀረውም። እንደው አክስትህ የላከችው ሸራ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? አያትህ ይኸው ከሥሩ ጋደም ብሏል፤ ስልኩን ልስጥህ?»